ለቅሶ በየተራ

እኔ ሕግ አነጻጽራለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ሞያሌ፣ ኬላው አጠገብ ካለችው ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ጠዋት ሁለት ሰዓት እገባለሁ፤ የእኛን የውድድር ሕግ ከኬንያ፣ ከጅቡቲ፣ ከሱዳንና ከሶማሊያ ሕግ ጎን አስቀምጬ ከትናንት ወዲህ የተለወጠች መሥመር እንዳለች አያለሁ። ካለች በቀይ አሰምርባታለሁ። ከሌለች “ለውጥ የለም” ብዬ እፈርማለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ “ኬላ ነኝ” እላለሁ፤ ኮንትሮባንድ ያዥ መስዬው ያከብረኛል።

የውድድር ሕግ ማለት፣ ለማያውቀው፣ ነጋዴ ከነጋዴ ተመሳጥሮ ገዢውን እንዳይገፍ የሚከለክል ሕግ ነው። ክፉ ሕግ አይደለም፤ ማንም እንዲሰድብብኝ አልፈልግም። ልጅ ሆኜ ሦስት አስመጪዎች ተማክረው ዘይት ሲደብቁ፣ እናቴ ወር ሙሉ ጎመን በውሃ ቀቅላ ስታበላን አስታውሳለሁ። እነዚያን ሰዎች የያዘልን ይኸው ሕግ ነው። ነገሩ የተበላሸው ሕጉን ሰው መጠበቁ ቀርቶ ታዛቢው መጠበቅ ሲጀምር ነው።

ታዛቢው ማሽን ነው፤ መዳፍ የሚያህል ሰሌዳው ከእያንዳንዱ መደብ በላይ ይሰቀላል። ዋጋ ይጽፋል፣ ይሰማል፣ ይቆጥራል። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሁለት ሰዎች በመካከላቸው አራት እርምጃ ይተዋሉ። “ገበያ እንዴት ዋለ?” መባባል ክልክል ነው፤ ዋጋ እንደ መለዋወጥ ይቆጠራል። ስለዚህ ሴቶቹ ከሩቅ “ልጆች ደህና? ጉልበትሽስ?” ይባባሉና ፊታቸውን ያዞራሉ። ከገበያ ውጭም ሁለት ቅቤ ሻጮች በአንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጡም። ሲያስቀድሱ እንኳ አንዷ ከውስጥ፣ አንዷ ከደጀ ሰላሙ ነው የምትቆመው። ወጣቶቹ ከዚህ ሌላ አያውቁምና አይገርማቸውም።

እናቴን ግን ይገርማት ነበር። እናቴ ማክዳ ቅቤ ሻጭ ነበረች፤ አርባ ስድስት ዓመት አንድ መደብ ላይ የተቀመጠች።

“ድሮ እኮ የቱሜ ቅቤ ቀድሞ ካለቀ ከእኔ ቆርጬ እሰጣት ነበር” ትላለች ማታ እግሯን በሞቀ ውሃ እየነከረች።

“እማዬ፣ ተይ እባክሽ።”

“ምን ተይ? ሰሌዳው እቤት ድረስ መጣ እንዴ?”

እማማ ቱሜ የመደብ ጎረቤቷ ናት። ቦረና ናት፤ ስትናደድ በኦሮምኛ፣ ስትቀልድ በአማርኛ የምትናገር ረጅም ሴት። የቅቤ ሻጮቹን እድር ያቋቋሙት እሷና እናቴ ናቸው። አባላቱ ከመንገዱ ወዲህም ወዲያም ነበሩ፤ ሞያሌ ከተማዋ አንድ፣ መንግሥቷ ሁለት ነውና። ከአባላቱ አንዷ ስትሞት ሁሉም መደባቸውን ዘግተው እስከ ሠልስቱ ከሐዘንተኛው ቤት ይውላሉ። ዝጉ የሚል የለም። እንዝጋ ወይ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ሰው ሞተ፣ ተዘጋ፣ በቃ።

በ2069 ግንቦት ላይ ዳርሚ የምትባል ቅቤ ሻጭ ሞተች። ወዲህ ማዶ አርባ፣ ወዲያ ማዶ ሠላሳ መደብ ተዘጋ። ሦስት ቀን በከተማው ቅቤ ጠፋ። ኬንያዎቹ ምንም አልተባሉም። የእኛዎቹን የገበያ ችሎት ጠራቸው።

አንድ በአንድ ነው የጠራቸው። ለእያንዳንዷ “ተመሳጥራችሁ ገበያ ዘግታችኋል። ቀድማ ያመነች ትማራለች፤ ሌሎቹ ይቀጣሉ” ተባለች። ይህ ዘዴ በአምስቱም አገሮች ሕግ ውስጥ አለ፤ አስመጪዎቹንም ያጋለጣቸው እሱ ነው። አንዱ አንዱን ሳይቀድመው ሮጦ ይናዘዛል። ከአርባዎቹ ሴቶች ግን አንዲትም አላመነችም። ጨዋነት እንዳይመስላችሁ፤ ምን እንደሚጠየቁ አልገባቸውም።

“ምኑን ልመን?” አለች እማማ ቱሜ ለዳኛው። “ዳርሚ ሞተች። ሄድን። አንተ እናት የለህም?”

ለማስረጃ የእድሩ ድንኳን ቀረበ። በጎኑ ላይ እናቴ ራሷ በቀይ ቀለም ያስጻፈችው ተረት ነበር፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ችሎቱ “አንበሳው ገዢው ሕዝብ ነው” ብሎ ተረጎመው። ወይ ጉድ! አርባዎቹም ስድስት ወር ታገዱ፣ እድሩ ፈረሰ፣ ድንኳኑ ተወረሰ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ እስካሁን የሸሸሁት እሱን ነው።

ኬንያዎቹ ያልተጠየቁት ሕጋቸው የቀብርና የሐዘን ማኅበራትን ነጻ ስለሚያደርግ ነው። የእኛ አያደርግም። ለምን? ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጎረቤት አገሮቹ ሕግ ለታዛቢው እንዲመች አንድ ላይ ሲቀናበር፣ ለየአገሩ አነጻጻሪ የጥያቄ ዝርዝር ተላከ። የእኛን የሞላሁት እኔ ነኝ። ቁጥር 114 እንዲህ ይላል፦ “በአገርዎ ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች በአንድነት ሥራ የሚያቆሙበት ልማድ አለ?”

“የለም” ብዬ ጻፍኩ።

ለአፍታ እንኳ አላመነታሁም። ለቅሶ ሥራ ማቆም መሆኑ መች ትዝ አለኝ? ለቅሶ ለቅሶ ነው። በዚያው ሳምንት እኔ ራሴ ከቢሮ አስፈቅጄ ለቅሶ ቤት ውዬ ነበር። ወዲያ ማዶ ያለው ጋልገሎ፣ የኬንያው አነጻጻሪ፣ ለዚያው ጥያቄ አራት ገጽ ጻፈ። ሁልጊዜ ነገር ያበዛል እያልኩ እስቅበት ነበር።

ለእናቴ የነገርኳት ከችሎቱ በተመለሰች ዕለት ነው። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ እጄን ያዘችና “እኔም ብጠየቅ የለም ነው የምለው፣ ኤልዳ። ለቅሶን ማን ልማድ ይለዋል?” አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ጥር ጉበቷ ታመመ። ሐኪሙ ወራት አላለም፣ ሳምንታት ነው ያለው። እሷም ሰምታ ተኛችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“ሰዎቼ ይቅበሩኝ።”

“እሺ እማዬ።”

“እሺ አትበይኝ። ትችያለሽ ወይ?”

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ የቁጥር 114 መልስ ይታረምልኝ ብዬ ለታዛቢው ማመልከቻ ላክሁ። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ሳልሸሽግ፣ ስሜን ጠቅሼ ነው የጻፍኩት። መልሱ ከምሳ በፊት መጣ። የሁለት ዓመት መረጃ ታይቷል ይላል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ቅቤ ሻጮች ሞተዋል፤ በቀብራቸው ዕለት የተዘጋ መደብ የለም፤ ስለዚህ ልማዱ የለም።

እንዴ! ስለከለከላችኋቸው እኮ ነው ያልዘጉት ብዬ ጻፍኩ። “አስተያየትዎ ተመዝግቧል” ተባልኩ። ከሥሩ ግን አንድ አንቀጽ ተጨምሮ ነበር፤ በዚያው ቀን በየመደቡ ሰሌዳ ላይም ወጣ። ወደፊት አንዲት ሻጭ ስትቀበር ከቀሩት ሻጮች ከግማሽ በላይ፣ ሳይነጋገሩ፣ እያንዳንዷ በራሷ ፈቃድ ከዘጋች ልማዱ እንዳለ ይቆጠራል፤ ማንም አይጠየቅም። ግማሽ ካልሞላ ግን የዘጋችው ንግድ ፈቃዷን ለአሥር ዓመት ታጣለች።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። መንገዱን ተሻግሬ ጋልገሎ ጋ ሄድኩ። ከእኔ በላይ ሸብቷል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው።

“ወዲህ አምጥተን ብንቀብራትስ?” አልኩት። “እናንተ ዘንድ ነጻ ነው።”

“ለእኛዎቹ ነጻ ነው። የእኛ ሕግ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቦታ ያያል። የእናንተ ግን ጉዳቱ የደረሰበትን ገበያ ነው የሚያየው። ናይሮቢም ብትቀበር የእናንተ መደብ ከተዘጋ ያው ነው።”

“አውቃለሁ። እንዲያው የሌለ ነገር ትነግረኝ ይሆን ብዬ ነው።”

“ስንት ናቸው አሁን?”

“ከእናቴ ሌላ ሠላሳ ሰባት።”

“አሥራ ዘጠኝ ይበቃል” አለ። “አሥራ ዘጠኝ ሴት ከዘጋች እናትሽ ብቻ አይደለችም የምትቀበረው፤ ከእሷ በኋላ የሚሞት ሁሉ ወግ ያገኛል። ሂጂና ንገሪያቸው።”

“ጋልገሎ፣ አንተ ነህ ይህን የምትለኝ?”

ራሱም አፈረ። የአንዷን ሻጭ ሐሳብ ለሌላዋ የሚያደርስ ሰው መልእክት አድራሽ ይባላል፤ ይታሰራል። የሰማችውም ሻጭ ፈቃዷን ታጣለች። ሰሌዳው በሌለበት ቢነገርም ቀድማ ያመነች ስለምትማር ነገሩ አይደበቅም። ለአንዷ “ሌሎቹ ሊዘጉ ነው” ብላት ሁሉንም አጠፋሁ ማለት ነው። ሠላሳ ሰባቱም እያንዳንዳቸው ብቻቸውን፣ የሌላዋን ሳያውቁ መቁረጥ ነበረባቸው። መነጽሩን አወረደና “እኔስ ሰዎቼን ይዤ እመጣለሁ” አለኝ።

እማማ ቱሜ ልትጠይቃት መጣች። አንድ ሻጭ መጠየቅ ይፈቀዳል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የእናቴን እግር ማሸት ጀመረች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እናቴ እንድትዘጋላት እንድትጠይቃት እጠብቅ ነበር። ትጠይቃት ዘንድ በልቤ ለመንኩ። የታመመ ሰው የሚናገረው አያስጠይቅም።

“ቱሜ” አለች በመጨረሻ።

“ወዬ።”

“የኔ ቀን ሲመጣ እንዳትዘጊ። ስድስት የልጅ ልጅ ታሳድጊያለሽ። ሰማሽኝ?”

“ዝም በይ፣ አንቺ።”

“ሰማሽኝ ወይ?”

“አልሰማሁም” አለች እማማ ቱሜና እግሯን ማሸቷን ቀጠለች።

ስትሄድ ልሸኛት ወጣሁ። ደጁ ላይ ቆማ “ሌሎቹ ምን ያስባሉ?” ብላ ልትጠይቀኝ አፏን ከፈተች፤ አየኋት። መልሳ ዘጋችው። ለእኔ አዝና ነው፤ የእኔን እንጀራ፣ የእኔን እስር አስባ ነው።

ማታ እናቴ ቀስ ብላ ጠራችኝ።

“ስንቱ ይዘጋ ይመስልሻል?”

“አትዝጉ እያልሽ!”

“ለቱሜ ነዋ። እንዲያው ስንቱ ይመስልሻል?”

“ሁሉም” አልኳት።

“አትዋሺ።” ፈገግ አለች ግን። “ግማሹ ቢዘጋ ይበቃኛል። ግማሹ አይጠፋም፣ አይደል? አርባ ስድስት ዓመት እኮ ነው።”

መጋቢት አሥራ አራት ማክሰኞ ጠዋት አረፈች። መሞቷን መናገር ክልክል አይደለም፤ ጡሩንባ ነፊው በገበያው ዞረ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

አስከሬኑን ይዘን በቅቤ ተራ በኩል እንድናልፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሌላ መንገድ ነበረ፤ አጭርም ነው። ጋልገሎ ቃሉን ጠብቆ ከወዲያ ማዶ ሠላሳ ሴት ይዞ መጥቷል፤ ሁሉም ዘግተው፣ በሕጋቸው፣ ማንንም ሳይፈሩ። ከፊት እየሄዱ ያለቅሳሉ። እኔ ግን ጆሮዬ ለለቅሶ አልነበረም። ዓይኔ መደቡ ላይ ነበር፤ እቆጥር ነበር። እናቴን ልቀብር እየሄድኩ ቆጣሪ ሆንኩ፤ በዚህ እስከ ዛሬ ራሴን አልወደውም።

የእማማ ቱሜ መደብ ተዘግቷል። ከእሷ ቀጥሎ አራት እርምጃ፤ ክፍት። አራት እርምጃ፤ ክፍት። ክፍት። ክፍት። ከተራው መሐል ሶስና የምትባል ባልቴት ዘግታለች። በስተመጨረሻ ደግሞ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላት አዲስ ሻጭ፣ ረድኤት፣ ዘግታለች፤ ከእናቴ ጋር የሰላምታ ያህል እንጂ ትውውቅ አልነበራትም።

ሦስት።

ሠላሳ አራቱ ሴቶች ከቅቤያቸው ጀርባ ቆመዋል። ብዙዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ታዛቢው ነጠላ አይቆጥርም። አንዳንዷ አፏን በእጇ ይዛለች። አስከሬኑ ፊታቸው ሲደርስ እያንዳንዷ አንገቷን ደፍታ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳታይ ቆመች። የጎረቤትን መደብ ዞሮ ማየትም ይመዘገባልና። ተናድጄ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። “ምን ልብ ነው ያላችሁ!” ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

እናቴን ያወረዷት ከወዲያ ማዶ የመጡ ሰዎች ናቸው። ደግ ሰዎች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ግማሾቹ እድሩ ከፈረሰ በኋላ የመጡ ናቸውና ስሟን ከእኔ ጠይቀው ነው ያለቀሱላት።

በማግስቱ የሦስቱ ሴቶች ፈቃድ ተሠረዘ። እማማ ቱሜ ሰሌዳዋን ነቅላ ራሷ ኬላ ድረስ አምጥታ አስረከበችኝ፤ ተቀባዩ እኔ ነበርኩና ፈረምኩ። “አሁን ሻጭ አይደለሁም” አለች፤ ከዚያ ወዲህ ከሐዘን ቤት ሳትወጣ እንደ ልቧ ዋለች።

ሻጮቹ ለቅሶ እንዲደርሱ ተራ ወጣላቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር አንዲት ሻጭ፣ ለእያንዳንዷ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ። እማማ ቱሜ ሻይ ልታፈላ ጓዳ ገባች። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመጣችው አበራሽ ነበረች፤ የእናቴ የክርስትና ልጅ። ከበሩ ጀምራ እየጮኸች ገባች፤ አብረን አለቀስን። ስንረጋጋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገችና “ኤልዳና፣ አትቀየሚኝ። ሌሎቹ ቢዘጉ እዘጋ ነበር። ብቻዬን የምዘጋ መስሎኝ ፈራሁ” አለችኝ። ደቂቃዋ ሞላ። እግዚአብሔር ያጽናሽ ብላ ወጣች።

ሁለተኛዋ ገባች። እሷ ገና ማልቀሷ ነውና እኔም እንደ አዲስ ማልቀስ ነበረብኝ። ተረጋጋች። “ሌሎቹ እንደማይዘጉ አውቅ ነበር” አለች። “ባይሆን ኖሮ እኔማ…”

ሦስተኛዋም ያንኑ አለች። አራተኛዋ ምንም ሳትናገር አሥር ደቂቃ አለቀሰችና ልትወጣ ስትል ያንኑ አለች። አምስተኛዋ ማክሰኞ ጠዋት ልትዘጋ መዝጊያውን እስከ ግማሽ አውርዳ፣ የጎረቤቷ መዝጊያ ሲወርድ ድምፅ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ስላልሰማች መልሳ እንደ ከፈተችው ነገረችኝ። ጎረቤቷ ሰባተኛዋ ናት። እሷም መዝጊያዋን ይዛ የአምስተኛዋን ድምፅ ስትጠብቅ ነበር።

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ዓርብ ከሰዓት አሥራ ስድስተኛዋ ያንኑ ስትናገር፣ ከእማማ ቱሜ፣ ከሶስናና ከረድኤት ጋር አሥራ ዘጠኝ ሞላ። አሥራ ዘጠኝ። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ፤ ሴትዮዋ ለእናቴ ያለቀስኩ መስሏት አብራኝ አለቀሰች። ከእሷ በኋላ ደግሞ አሥራ ስምንት ቀሩ፤ ሁሉም መጡ፣ ሁሉም ያንኑ አሉ። የእናቴ ሰዎች ሁሉ ሊቀብሯት ፈልገው ነበር። ይህን የማውቅ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ። ለእማማ ቱሜ እንኳ አልነገርኳትም፤ ፈቃዷን ያጣችው ሌሎቹ ስላልፈለጉ ሳይሆን ሠላሳ አራቱም እርስ በርስ ስለተጠባበቁ መሆኑን ብታውቅ ምን ይጠቅማታል?

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ የመጨረሻዋ መጣች። ፍጹም ትባላለች፤ አጠር ያለች፣ ስትናገር መሬት መሬት የምታይ ሴት። እንባዬ አልቆ ነበር። ዝም ብዬ ስለተቀመጥኩ የተቀየምኳት መሰላት መሰለኝ፤ ጉልበቴን ይዛ አለቀሰች።

“ብቻዬን ነው የፈራሁት፣ ኤልዳና” አለች። “አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ እንደኔ እንደሚያስብ ባውቅ ዘግቼ እወጣ ነበር። ለማክዳ የማልሆን ሰው አይደለሁም።”

“አውቃለሁ።”

“እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የማስበው? እንቅልፍ አጣሁ እኮ። ሌሎቹ ምን አሉሽ?”

ዓይኗን አየሁት። አንዲት ቃል ብነግራት ፈቃዷን ታጣለች፤ ሦስት ልጆች አሏት። ባልነግራት ደግሞ እስክትሞት ፈሪዋ እሷ ብቻ እንደሆነች እያሰበች ትኖራለች። ሃያ ሁለት ዓመት አምስት አገር ሕግ ሳነጻጽር ለዚህ የሚሆን አንቀጽ በአንዱም አላየሁም።

“ምንም አላሉኝም” አልኳት። “አለቀሱና ሄዱ።”